ቀጭ ያላለው ገጽ

ውድ ወንድሜ ቢያድግልኝ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ከላይ «ወንድሜ» የሚለውን አንብበህ ወረቀቱን ልትቀደው ከሆነ እባክህ ትንሽ ታገሠኝ። ካሳው ነኝ። ከገሳይ ወዲያ በየኔታ ይሻው ጉባኤ ቤት አንዲት ጎጆ ውስጥ አራት ዓመት አብሮህ የኖረው ካሳው። ቁራሽ ልንለምን ወጥተን ውሻ ሲመጣብን አንተ አኩፋዳህን ጥለህ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ ከታች ቆሞ ይስቅብህ የነበረው እሱ ነው።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልጀምር። አንተ የተባረርክበትን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተም ሳትጠረጥር አልቀረህም፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አስራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ይፋግ ላይ ወፍጮ ቤት እንዳለህ አውቃለሁ። አምና ጥር ላይ ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ እዚያ ቆመና ዱቄት ለብሰህ ከበሩ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ስትከራከር አየሁህ። ወፍረሃል፤ ደስ አለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ስምህን መጥራት ስችል መጋረጃውን ሳብኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ፀሐዩ አስቸገረህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

አሁን እንዴት ልጽፍልህ እንደቻልኩ ላጫውትህ።

እኔ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ አለኝ። ባለፈው ኅዳር የኔታ በአንድ ተማሪ ላኩብኝ። ክረምቱን የጉባኤ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ የድጓቸውን ጠርዝ ውኃ ነክቶት ነበር። ዓይናቸው ከደከመ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ፊደል ግን አይለዩም። «መጽሐፌ ከእኔ በፊት እንዳይሞት ያ ሬዲዮ የሚያክም ልጅ መጥቶ አንድ ነገር ያድርግ» ነው መልእክቱ። ያንን ድጓ ዳግመኛ እንዳላይ ስንት ዓመት ስሸሽ ኖሬ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ ላስቀርላቸው ወሰንኩ። በስልክ አታነሣውም ወይ እንዳትለኝ። ተማሪዎቹ ሞክረውት ነበር፤ ገጹ ጎብጦ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፣ መሐሉ ላይ የአንዱ አውራ ጣት ተጋድሞ ነው የወጣው። እኔ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሁለት አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። አናጢው አያሌው ከጽድ ጣውላ መጽሐፉን ግማሽ ከፍቶ የሚያስተኛ አልጋ ሠራልኝ፤ ብራና ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋ ስፌቱ ይበጠሳል። ገጹን አስተካክሎ የሚጫን መስተዋት ከላይ አደረግንበት። አንዱ ካሜራ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ገጽ ያያል።

የኔታ መጀመሪያውኑ አስጠንቅቀውኛል። እጄን ሳልታጠብ አጠገቡ እንዳልደርስ፣ ገጹን ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይገልጠው። እንግዲህ አስበው፤ የእሳቸው ሁለት እጅ ገጹን ይገልጣል፣ የእኔ ሁለት እጅ መስተዋቱን ያነሣል ያወርዳል። ካሜራውን የሚጫን እጅ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ በእግር እንዲሆን ወሰንኩ። ካሜራዎቹ ጎናቸው ላይ የገመድ ማስገቢያ አላቸው፤ የሚገባው ገመድ ሦስት ሽቦ ነው። አንዱ ዓይኑን ያስተካክላል፣ አንዱ ያስነሣል፣ ሦስተኛው የጋራ ነው። ሽቦዎቹን ብታነካካቸው ካሜራው ጣት የተጫነው ይመስለዋል። የሁለቱን ካሜራ ገመድ አንድ ላይ አምጥቼ ከአንድ የበር ደወል መጥሪያ ጋር አሰርኩት። መጥሪያውን ከጣውላ ሥር ቀበርኩና ጣውላው ሲረገጥ ተመልሶ እንዲነሣ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ሰካሁበት። መጀመሪያ ላይ አንዱ እየቀደመ ሌላው እየዘገየ አስቸገሩኝ። ዓይናቸውን በእጅ አስተካክዬ ባስቆመው አብረው «ቀጭ» አሉ። ደስታዬን ብታይ! ሚስቴ ትርንጎ «ልጅ ሲወለድልህም እንዲህ አልዘለልክ» አለችኝ።

የኔታ ጣውላውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እኔው ልርገጠው» አሉ። «እጄ ሲገልጥ እግሬ ሥራ ፈትቶ ምን ይሠራል?»

የእግራቸውን አመል አንተ ታውቃለህ። ገጹን ገለጡ፣ በጣታቸው የገጹን ጌጥ ሐረጉን ዳሰሱ፣ የት እንዳሉ ገባቸውና ማዜም ጀመሩ። ማዜም ሲጀምሩ እግራቸው መሬቱን መምታት ጀመረ። እግራቸው ያለው ደግሞ ጣውላው ላይ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንዴት ላስቁማቸው? በየኔታ ዜማ መሐል ማን ይናገራል? ሲጨርሱ «ስንት ገጽ ሄድን?» አሉ።

«ሁለት ገጽ፣ የኔታ። ፎቶው ግን ሦስት መቶ አልፏል።»

«እግሬ ነዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ዘመን ነው። በዚያች ሰዓት አንተ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያውም አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጣውላውን እኔ ወሰድኩት። ሦስት ቀን ሠራን። በሁለተኛው ቀን የኔ እግር ራሱ፣ ያ ከዜማ ከራቀ ስንት ዘመኑ የሆነ እግር፣ ከእሳቸው ጋር ሊመታ ሲል ያዝኩት። አልረሳውም ቢያድግልኝ። አንተ ከጎኔ ሆነህ ድምፅህን ከድምፄ በላይ አድርገህ ስትመራኝ የነበረው ሁሉ እግሬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጽጌ ክፍል ላይ ደረስን።

የሆነውን ልንገርህ፤ አንተ ታሪኩን የምታውቀው ከመሐሉ ጀምሮ ነው። የኔታ ድጓቸውን ለቅጂ በተራ ይሰጡን እንደነበር ታስታውሳለህ። ከእኔ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነበር። በእኔ ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የቀለም ቀንዴን በክርኔ ገፋሁትና በጽጌው ገጽ ላይ ፈሰሰ። ደንግጬ የነጠላዬን ጫፍ ውኃ ነክሬ ጠረግሁት። የፈሰሰው ቀለም ለቀቀ፤ አብሮት ግን ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው የዜማ ምልክት ለቀቀ። ሰባት መሥመር። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ለየኔታ ይነግራል። እኔ ብልጥ ነኝና ምልክቱን በቃሌ አስታውሼ ጻፍኩበት። በቃሌ ምን ያህል እንደምይዝ መቼም አይጠፋህም። አርብ ዕለት መጽሐፉን ለአንተ አስረከብኩ።

ሰኞ የኔታ በጉባኤው ፊት ያንን ገጽ ሲያዜሙ ዓይናቸውና ጆሯቸው አልስማማ አላቸው። «ማነው ምልክት የነካ?» አሉ። መጽሐፉ የመጣው ካንተ እጅ ነበር። «እኔ አይደለሁም» አልክ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ እኔ አየህ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በደብሩ በር ላይ አቁመው በሁሉም ፊት «ዜማ የሚያበላሽ ከእኔ ዘንድ አይውልም» ሲሉህ፣ አስመስክረህ ለመመረቅ የቀረህ ስድስት ወር ነበር። በኋላ ራሴም እዚያ መቆየት አቃተኝና በዓመቱ ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ያ ገጽ ከመስተዋቱ ሥር ተኛ። የታጠበው ቦታ ነጣ ብሎ፣ ከላዩ ላይ የኔ ምልክት፣ የኔው ጽሕፈት። ሁሉም ሰው ሊያየው ነው። ተማሪ ሁሉ በኮምፒውተር አጉልቶ ሊያጠናው ነው። የተሳሳተው ዜማ ደግሞ ባንተ ስም ሊቀር ነው። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጣውላውን አልረገጥኩም። መስተዋቱን አወረድኩ፣ አነሣሁ፣ «ይግለጡት የኔታ» አልኩ።

እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። «ይኸኛው ቀጭ አላለም» አሉ።

«ብሏል፣ የኔታ።»

«ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ እንዳለ ነው። ምን አለ ገጹ ላይ?»

ነገርኳቸው። ቁጭ ብዬ ጀመርኩ፣ ተንበርክኬ ጨረስኩ። የቀለም ቀንዱን፣ ነጠላውን፣ ሰባቱን መሥመር፣ ያየኸኝን አስተያየት ሳይቀር ነገርኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ» ስል ይቅር አላሉኝም። መጽሐፉን ከአልጋው አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ጆሮ አለኝ እላለሁ» አሉ ቆይተው። «ያ ልጅ ‹እኔ አይደለሁም› ሲለኝ ድምፁን አልሰማሁትም። ብሰማው ኖሮ አውቅ ነበር።» አለቀሱ። «ሂድ ዛሬ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ለትርንጎ ስነግራት አላጽናናችኝም። «ለየኔታ መናገርህ ግማሹ ነው» አለች። «የተባረሩት እሳቸው አይደሉም።»

በሳምንቱ አስጠሩኝና የቀረውን አነሣን። ድጓው በሙሉ ተነሥቷል፤ ከዚያ አንድ ገጽ በቀር። «እሱን ውሸት እንደተሸከመ አታንሣው» አሉኝ። «ዜማው እኔ ዘንድ አለ፤ እጄ ግን ፊደል አይጥልም። ቢያድግልኝ ይምጣ። እኔ ላዚምለት፣ እሱ ምልክቱን ያስፍር። ከዚያ ታነሣዋለህ።» እዚያ ያሉት ተማሪዎች መጻፍ እንደሚችሉ ብነግራቸው ተቆጡ። «በእሱ እጅ ጠፋ ያልኩት በእሱ እጅ ካልተጻፈ ምን ዋጋ አለው?» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በድዬሃለሁ ብለውሃል በለው፤ ልክ እንደዚህ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንተ በቆምክበት በር ላይ ቆሜ ለደብሩ ሰው ሁሉ የሠራሁትን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ያስታውሱሃል። አንዱ «እና ያ ምስኪን አሁን የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይፋግ እንዳለህ ነገርኳቸው። ይህን የምጽፍልህ እንድታመሰግነኝ አይደለም፤ ስትመጣ አንገትህን የምትደፋበት ቤት እንደማይጠብቅህ እንድታውቅ ነው።

እኔን ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። ይቅር ብትለኝ ደስታዬን አልችለውም፣ ባትለኝም እውነትህን ነው። ፊቴን ማየት ካልፈለግህ ካሜራዎቹን አስተካክዬ ገሳይ ወርጄ እቆያለሁ። ከባድ አይደለም፤ መብራቱን ታበራለህ፣ መስተዋቱን ታወርዳለህ፣ ጣውላውን አንዴ ትረግጣለህ። የኔታ ብቻ እንዳይረግጡት።

ግን ቶሎ ና። በዚህ ጾም እጅግ ተዳክመዋል፤ ዜማው ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ተማሪ እየደገፋቸው ነው ከጎጆ ጉባኤ ቤት የሚመጡት። ሄጄ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው «ቢያድግልኝ ነህ?» ይሉኛል። ትናንትም አሉኝ። እኔም «አይደለሁም የኔታ፣ ካሳው ነኝ» አልኳቸው።

የበደለህ፣
ካሳው
ደብረ ታቦር