እስከ ሜልበርን ስድስት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

ደብተሬ ሆይ፣ ቆመህ ስማ፦ ለዘነበች ሾርባ ብዬ ከሐዋሳው ዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የገዛሁትን ዓሣ፣ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ አሞራ ከነፌስታሉ ይዞ ተሰውሯል። አዝነናል። ሌላ ገዛሁ።

ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ሳል። ሐኪሙ የባለቤቴ ልብ በጣም ደክሟል ብሏል። የቀናት ነገር ነው።

የልጅ ልጃችን ማርታ ነገ ከሜልበርን ትነሣለች። እናቷ ስትሞት እኛ ነን ያሳደግናት።

ከቀኑ 10፡00

ማርታ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል? አለችኝ ዘነበች። ስድስት አልኳት። አዲስ አበባ በአውቶቡስ እንደ መሄድ ያለ ነገር።

ውሸት። አሥራ ሁለት ሺህ ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ዱባይ ላይ የምትጠብቀው ሲጨመር አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ ቢቀረው ነው። ያኔ ማርታ ስትሄድ እውነቱን ብነግራት ልጅቷን አትለቃትም ነበር። ስለዚህ ዓለምን አሳጠርኩላት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ጸናሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 7፣ ከጠዋቱ 3፡00

ማርታ ደወለች። ልትሳፈር ነው። «አባባ፣ በቀልድዎ እማማን እንዳያስቸግሯቸው» አለችኝ። እኔ? የተከበርኩ ሽማግሌ?

ዘነበች ሰዓት መቁጠር ጀመረች።

ከቀኑ 11፡30

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች ወይ አለች። ስድስቱ ሰዓት ሞላ እኮ። ቦሌ ወርዳለች አልኳት። ትንሽ ቆይቶ፣ ዝዋይን አልፋለች። ከዚያ ሻሸመኔ። አውሮፕላኑ ገና ባሕር ላይ ነው።

ፈገግ አለች። ቀስ ብላ ትምጣ፣ ሹፌሩ እንዳይከንፍ በላት አለች። ዓይኗን ጨፈነች።

ዘነበቼ አረፈች።

ሐሙስ፣ ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡30

ማርታ ከቦሌ ደወለች። የሐዋሳውን በረራ እየጠበቀች ነው። እማማስ? አለች። ተኝታለች አልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም።

ሽማግሌዎቹ ወስነዋል፦ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ፣ ልጄ ታደለ ቤት ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ከዚያ ተሰብስበን እናርዳት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት።

ታደለ፣ አባዬ አርፈው ይቀመጡ ይለኛል። አልቀመጥም። ኤርፖርት ራሴ እሄዳለሁ፤ እዚያው በር ላይ ራሴ እነግራታለሁ። ዘነበችን ስድስት ሰዓት እያልኩ ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ።

ከጠዋቱ 3፡15

ታደለ መኪናውን አስነሥቷል። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። ትናንት የጻፍኩት «ቀስ ብላ ትምጣ» የኔ ፈጠራ ነው። ፈገግታውም። ለማርታ ልነግራት ነበር ያሰናዳሁት።

ዘነበች ሻሸመኔ ደርሳለች ስላት በሩን በሩን ነበር የምታየው። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ሻሸመኔማ እዚሁ አይደል? ታዲያ ምነው ቀረችብኝ?»