የጓሮዋ ተከራይ የክርስትና ስም

መጋቢት 2፣ ጠዋት 2 ሰዓት
አርባ አንድ ስግደት ጨረስኩ። ጉልበቴ እሳት ሆነ፣ ሐሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም። የጓሮዋ ተከራይ ሰናይት ቧንቧው ስር ፀጉሯን ስትታጠብ አየኋት። ዐይኔን አልነቀልኩም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ደብተር ሆይ፣ አንተን አላፍርም። የማፍረው እየሰማ የሚጽፍልኝን ጓደኛዬን አያሌውን ነው፤ እኔው ፊደል ብቆጥር ኖሮ እሱ ይህን አይሰማም ነበር። ሳቀ። መሳቅህንም ጻፍ አልኩት።

መጋቢት 4፣ ማታ 12 ሰዓት
ቤቱ ጭር ብሏል። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት። ልጆቼ በስልክ ብቻ። ሽሮዬን ብቻዬን በላሁ። ሐሳቡ መጣ፣ የልጅቷ አንገት። ጎፋ ላይ ስንት ፎቅ የገነባሁ ግንበኛ በአንዲት ተከራይ ልሸነፍ? በቃ፣ ቤቴን ትልቀቅ። አያሌው ምን በደለች ቢለኝ፣ አንተ ብቻ ጻፍ አልኩት። ትለቃለች።

መጋቢት 6፣ ከቤ/ክ መልስ
ሀና ማርያም ሄጄ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ላስወጣት ነው ስል ጎሽ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። ቆጣ አሉ።
«ልጄ፣ መውጣት ያለበት ሐሳቡ ነው። እሷ ምን አደረገች?»
ልጄ አሉኝ፣ እሳቸው የመጨረሻ ልጄ እኩያ ሆነው። ስግደትዎም ጉራ አለበት አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሐሳቡ ሲመጣ አይታገሉት አሉ፤ ከትንፋሽዎ ጋር በልብዎ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ ይበሉ፣ ከዚያ ለእሷ ይጸልዩ፣ በክርስትና ስሟ። አላውቀውም አልኩ። ይጠይቋታ አሉኝ።

መጋቢት 7
አልጠየቅኳትም። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ልበላት? በልቤ ስላረከስኩሽ ነው ልበል? ማረኝ፣ ማረኝ እላለሁ። ሐሳቡ እንደ መካኒሳ ታክሲ ነው፤ ይመጣል፣ ይጠራኛል። አንዳንዴ ሳልሳፈር ያልፋል። ይሄ አዲስ ነገር ነው።

መጋቢት 9፣ ከሰዓት
ጠየቅኳት። ልብስ ታሰጣ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ፣ ለጸሎት ነው አልኳት። ቀና ስል ዕንባዋ ይወርዳል።
«አባባ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠየቀኝ የለም።»
ወለተ ሥላሴ ናት። ስምንት ወር እዚህ ግቢ ኖራ ለእኔ አንገትና ፀጉር ብቻ ነበረች። አፈርኩ። የእርስዎስ አለችኝ፣ እሷም ልትጸልይልኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ከባለቤቴ ወዲያ ጠርቶት የሚያውቅ የለም።

መጋቢት 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት
በስሟ ጸለይኩ። ሐሳቡ ሞተ ብዬ አልዋሽም። መጣ። ወለተ ሥላሴ ስል ግን የሰው ልጅ ሆና ፊቴ ቆመች፣ እናቷን የቀበረች። ቤቱን አትለቅም፣ ወስኛለሁ። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር እጠራታለሁ፣ እስክሞትም ቢሆን። የሌሎቹንም ተከራዮች እጠይቃለሁ። የአንተንስ፣ አያሌው? አርባ ዓመት ጓደኛዬ ነህ፣ ጠይቄህ አላውቅም። ጻፈው እንጂ። ምነው፣ ብዕሩን ልታስቀምጥ ነው