በሞቱት ማንግሮቮች መሃል

ኦገስት 6
ሸራው ሲርገበገብ ነቃሁ። ጣሪያዬን አውሎ ነፋስ ከወሰደው አምስት ሳምንት ሆነው። የዳቦ ፍሬ ጠብሼ በላሁና ጀልባዬን ይዤ ወጣሁ።

ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ባሕሩ ውስጥ ወደቆሙት የማንግሮቭ ዛፎች ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ከሥሮቹ ላይ የሚበላውን የባሕር ዛጎል፣ ኦይስተርን፣ እየፈለፈልኩ የኖርኩበት ጫካ... አንድ ቅጠል የለም። ድሮ በቀትር እንኳ ጨለማ በነበረበት ቦታ ፀሐይ አናቴን መታኝ። ኦይስተሩም በጭቃ ታፍኖ አልቋል።

ዛፎቹ ሞተው ነው? ወይስ ደንግጠው?

ኦገስት 9
ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ከዋናው ደሴት ኢንጂነር መጥታለች። የሞተው ማንግሮቭ ይነሳል፣ ረግረጉ በአፈር ይሞላል፣ አሥራ ስምንት ቤት ይሠራበታል። ሥራው ኦክቶበር አንድ ይጀመራል። መቆፈሪያ ማሽኑን፣ እስካቫተሩን፣ የሚነዳው ወንድሜ ኤልዊን ነው።

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለአንዱ ቤት ተመዝግቤያለሁ። ኤልዊንም ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሸራ ሥር ነው ያለው፤ እንዴት አላጨበጭብ?

ግን ማን አይቶ ነው ሞቷል ያለው?

ኦገስት 14
ቢላ ይዤ ገባሁ። የአርባ ዛፍ ቅርፊት ፋቅ ፋቅ አደረግኩ። ውስጡ አረንጓዴ የሆነው ሦስት ብቻ፣ እነሱም ወደ የብሱ የተጠጉት። ባሕሩ ውስጥ ረጃጅም እግር በመሰለ ሥራቸው የቆሙት ሁሉ ደርቀዋል። ሦስቱ ላይ ለምልክት የመጋረጃዬን ቅዳጅ አሰርኩ።

ኤልዊን ጨርቁን አይቶ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ የልብ ምታቸውንም አዳመጥሽ?»
«አንተንም ስትወለድ ሞቷል ብለውህ ነበር» አልኩት።
ጨርቁን ነካ አደረገው። ከዚያ እንደገና ሳቀ።

ኦገስት 22
ዝናብ። ባልዲ ስገለብጥ ዋልኩ።

ሴፕቴምበር 3
ጎረቤቴ ጋሽ ዜፍሪን ጋ ሄድኩ። ጀልባ ሠሪው። በ1955 በመጣው አውሎ ነፋስ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ።
«ያኔም ማንግሮቩ እንዲህ ሆኖ ነበር?»
«ከዚህም የባሰ። ከሰል መስሎ።»
«ታዲያ ማን አስነሳው?»
«ማን ያስነሳዋል ልጄ! የሞተው ሞተ። ለመቁረጥ ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ ተውነው። በኋላ ብናይ ሌላ በቅሏል።»
«ከየት መጣ?»
«እሱን አልጠየቅኩም። ጀልባ እየሠራሁ ነበር።»

እኔስ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ሳይ ነው የከረምኩት። ታች አላየሁም።

ሴፕቴምበር 4
ባሕሩ ሲሸሽ ገብቼ ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። በሞቱት እግሮች መሃል... እርሳስ የሚያህል ቀጥ ያለ አረንጓዴ ነገር፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል። እዚያ ደግሞ ሌላ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስደርስ ቁጥሩ ተምታታብኝና ተውኩት።

ገላጣው ጭቃ ላይ ግን አንድም የለም። ለምን?

ሴፕቴምበር 8
ባሕሩ የተፋውን የማንግሮቭ ፍሬ ለቀምኩ። ሃያውን ገላጣው ላይ፣ ሃያውን በሥሮቹ መሃል ተከልኩ። እስቲ እናያለን።

ሴፕቴምበር 12
ገላጣው ላይ የቀረ የለም፤ ሞገዱ ጠርጎ ወስዶታል። በሥሮቹ መሃል አሥራ አራት ቆመዋል። የያዟቸው የሞቱት ናቸው! ጭቃ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሴፕቴምበር 27
ለኤልዊን ነገርኩት። ባልነገርኩት።
«ልጆቼ እርጥብ ፍራሽ ላይ እየተኙ አንቺ ስለ ችግኝ ታወሪኛለሽ?»
«የሞቱት ከተነቀሉ እኮ...»
«በቃ እትዬ!»
ልክ ነው እኮ። እኔም ልክ ነኝ። ታዲያ ምን ይደረጋል?

ሴፕቴምበር 29
ሳልጠራው በጠዋት መጣና ጀልባዬ ላይ ተቀመጠ። «አሳዪኝ» አለ።

ጭቃው ውስጥ ሲወርድ አንድ እግሩን አንስቶ ችግኝ የሌለበት ማሳረፊያ ጠፋው። «እትዬ፣ የት ልርገጥ?»

ከዚያ በኋላ እሱ መራኝ። በምሥራቅ በኩል ባሕሩ አሸዋ የጫነበት ቦታ ስንደርስ በአካፋ ቆፈረ። ሕያው ሥርም ችግኝም የለም። ሌላ ቦታ ቆፈረ፣ እዚያም ምንም። አካፋውን አሸዋው ላይ ሰካ። «ይሄኛው በቃ ሞቷል» አለ። «ቤቱ እዚህ ይሠራ።»

ኦክቶበር 1
ማሽኑ መጣ። ኤልዊን ካርታው ላይ በጣቱ መስመር አሰመረ።
«ምሥራቁን አሁኑኑ እጀምራለሁ። ምዕራቡን አልነካም፤ ሌላ ሾፌር ይፈልጉ።»
«ሌላ ሾፌር የለም» አለች ኢንጂነሯ።
«አውቃለሁ።»

ተናደደች። ሆኖም ገብታ አየች፤ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ስትወጣ «እስከ ማርች እታገሣለሁ» አለች።

ምሥራቁ የሚበቃው ለአሥራ አንድ ቤት ነው። ሰባት ቤተሰብ ይጠብቃል ማለት ነው። ከአሥራ አንዱ ስም ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የራሴን ሰረዝኩ።

ዲሴምበር 18
ቬልማን ገበያ አገኘኋት። ከሚጠብቁት አንዷ ናት። ሰላም ብላት ዞር አለች። ምን ልበላት?

ማርች 9
ኤልዊን አዲሱ ቤት ገባ፤ ቆርቆሮው ከባሕር ላይ ሳይቀር ያብረቀርቃል። እኔ ገና ሸራ ሥር ነኝ። ኢንጂነሯ ምዕራቡን አይታ «እንዳለ ይቆይ» ብላ ፈረመች። የቀሩት ሰባት ቤቶች ኮረብታው ላይ፣ ከመንገዱ በላይ ይሠራሉ። ቬልማ ሰላም አለችኝ... በአገጯ ብቻ።

ኦይስተር ገና የለም። ችግኞቹ ጉልበቴ ጋ ሊደርሱ ነው።

ማምሻውን ኤልዊን ከነጭቃው መጣ። በየሳምንቱ ብቻውን ማንግሮቩ ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር።
«እትዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ።»
«ምን?»
«ሸርጣኖቹ የትንንሾቹን ቅጠል ይበሉና ከፍ ያሉትን አይነኩም። ለምን?»
«አላውቅም።»
«እኔም አላውቅም» አለ፣ ደስ ብሎት።

ነገ ባሕሩ ሲሸሽ አብረን እንገባለን።