ለአሰልጣኙ የወሰድኳቸው ሽማግሌዎች

ረሆቮት፣ እስራኤል፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 10፣ 2015

ልጄ ኦሪት ልምምድ ስለቀረች አሰልጣኟ ከሐሙሱ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አገዳት። እኔም እንደ አገራችን ወግ ዛሬ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። አንደኛው፣ አባ ይርጋ፣ በትራቸውን ተደግፈው «ልጅ ናት፣ ለሽበታችን ብለው ይማሯት» አሉ፤ በዕብራይስጥ ተረጎምኩላቸው። አሰልጣኙ ወንበር ሰጣቸውና መስከረም ላይ የፈረምኩትን ወረቀት አወጣ። ወላጅ ስለ ቅጣት ሊያማልድ ከመጣ የአንድ ጨዋታ እገዳ ይጨመራል ይላል። ያኔ ኦሪት «ቤሰደር ነው፣ ችግር የለውም አባ፣ ፈርም» ስትለኝ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

መልሱን ለሽማግሌዎቹ ለመተርጎም አፈርኩ። ወንበር ስላገኙ የተሳካ መስሏቸው አሰልጣኙን መርቀው ወጡ። ኦሪት ነገሩን ከሰማች ወዲህ አላናገረችኝም። አሁን ደግሞ አባ ይርጋ ደወሉ፤ ሐሙስ ጨዋታዋን ለማየት ልጆቻቸውን ይዘው ሊመጡ ነው።

እሺ አልኳቸው።