በፍየል ሚዛን የተለካ ሰማያዊ ቀበቶ

ይድረስ ለክቡር አቶ ወልደ ኢየሱስ፣
የአዋሽ ሸለቆ የጁጁትሱ ክለቦች አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሰመራ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ
አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ኮሚቴዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? የቢሮዎ ማራገቢያ ተጠገነ ወይስ አሁንም በቃለ ጉባኤው ወረቀት እየተራገቡ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ክብደቴም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከአርባ ሰባት ኪሎ ፈቀቅ አላለም። ይህን ከሰላምታው ጋር አብሬ የምገልጸው ከጤንነቴ ይልቅ እሱ እንደሚያሳስብዎ ስለማውቅ ነው።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ንጋትወርቅ እባላለሁ፤ በአዋሽ ከተማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሰው ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ ማስተላለፍ እንጀራዬ ስለሆነ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ የራሴን ልጻፍ ብዬ ነው የተነሣሁት። የብራዚል ጁጁትሱ መማር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ። የታጠቅሁት ቀበቶ ሲሰጠኝ ነጭ ነበር፤ ከአራት ዓመት የአዋሽ አቧራ በኋላ ግን ነጭ ለመባል ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ስፖርት ቡጢና እርግጫ የለም። ሰውን ምንጣፍ ላይ ጥሎ፣ ክንዱን ወይም አንገቱን አጥምዶ እጅ ማሰጠት ነው። የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ ካደረገ «በቃኝ፣ ልቀቀኝ» ማለቱ ስለሆነ ወዲያው ይለቀቃል። ማስተር ቢሰጥ የሚባሉት መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ያሉን፣ ይህ ጥበብ ትንሹ ሰው ከትልቁ ሥር ወጥቶ እንዲያሸንፍ የታሰበ ነው የሚል ነበር፤ እኔም ሞኝ ነኝና አመንኳቸው።

ማስተር ቢሰጥ በመሥሪያ ቤታቸው ዝውውር ምክንያት ሰኔ 30 አዋሽን ለቀው ይሄዳሉ። የኮሚቴዎ ደንብ ደግሞ ሰማያዊ ቀበቶ ያለው መሪ የሌለው ክፍል ይዘጋል፣ የአዳራሹም ቁልፍ ለኮሚቴው ይመለሳል ይላል። እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የምንሰለጥንበት ክፍል አለ። ቀበቶውን ካገኘሁ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ካላገኘሁ ይዘጋል። የምለምንዎ ስለ ወገቤ ጌጥ እንዳይመስልዎ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ። ስላወጡልን ግልጽ መመዘኛ ከልብ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ ወደ ስፖርቱ ከመምጣትዎ በፊት በገዋኔና በሚሌ የከብት ገበያዎች ሃያ ሁለት ዓመት በባለሙያነት እንዳገለገሉ፣ ሰንጋ በሩቁ አይተው ኪሎውን ሳይሳሳቱ እንደሚናገሩ ሁሉም ይመሰክራል። እኔም አደንቃለሁ። ያስደነቀኝ ግን ያንን ሙያ እንዳለ ይዘውት መምጣትዎ ነው። የላኩልን ሠንጠረዥ ከሃምሳ አምስት ኪሎ በታች ነጭ፣ ከሃምሳ አምስት በላይ ሰማያዊ፣ ከሰማንያ በላይ ለሐምራዊ ይታሰብ ይልና በመጨረሻው ጠባብ ዓምድ ላይ «ችሎታ (ካለ ይጠቀስ)» ይላል። ኧረ ስለመኖሩ እንኳ ማሰብዎ ትልቅ ነገር ነው! ጥርሳችንን ከፍተው ዕድሜያችንን ስላላዩም ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛ። በኅዳር ወር አዋሽ ድረስ መጥተው ስለፈተኑን እግዜር ይስጥልኝ። በዚያን ዕለት ሦስት ግጥሚያ ገጥሜ ሦስቱንም እጅ አሰጥቼ አሸነፍኩ። ከተሸነፉት አንዱ ደጀን ነበር። ደጀን በጂቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ፣ መቶ አራት ኪሎ የሚመዝን፣ እንኳን ሰው ዝንብ የማይጎዳ ልጅ ነው፤ ከጀመረ ስምንት ወሩ ስለነበር አወዳደቅ እንኳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ምንጣፉን መታ። ውጤቱ ሲነበብ ሰማያዊ ቀበቶ ለደጀን ተሰጠ፤ ለእኔ ደግሞ «አያያዟ መልካም ነው፤ ሰውነቷ ግን አልደረሰም» የሚል ማስታወሻ ደረሰኝ። ደጀን ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞ የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ቆመ፤ እኔን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን አባባል የሸለቆው ሰው ሁሉ ሲያውቀው ለኮሚቴዎ ብቻ በሰዓቱ አልደረሰም። ደጀን በወር ሃያ አምስት ቀን መንገድ ላይ ስለሆነ ክፍላችንን ሊመራ እንደማይችልም በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሳውቆዎት ነበር።

ሦስተኛ። በልቼ ወፍሬ ከስድስት ወር በኋላ እንድመለስ ስለሰጡኝ አባታዊ ምክር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ታዛዥ ሰው ነኝ፤ በላሁ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ፓስታ በእንጀራ፣ ማታ ፓስታ ያለ እንጀራ። አብራኝ የምትሰለጥነው ኸሊዳ ከሱቋ ቴምር፣ ከምታውቃቸው አርብቶ አደሮች ደግሞ የግመል ወተት እያመጣች በቢስሚላህ ታጠጣኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቼ እርጉዝ ነሽ ወይ ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ በላሁ። በጾም ቀን ወተት በመጠጣቴ የንስሐ አባቴ ዘንድ ስሄድ ምክንያቴን ሰምተው እንዲህ ዓይነት ኃጢአት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። በስድስት ወር ሁለት ኪሎ ጨመርኩ፤ እሱንም በፈተናው ቀን ከአዋሽ ሰመራ በአውቶቡስ ስመጣ አዳይቱ ሳንደርስ በላብ ጨረስኩት።

አራተኛ። ግንቦት 9 ሰመራ ስደርስ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምን ብዬ ልናገር! የኮሚቴው ሚዛን ተበላሽቶ ስለነበር ፈተናው እንዳይስተጓጎል በማሰብ ከቁም እንስሳት ገበያ ሚዛን አስመጡልኝ። ፍየል በሆዷ በማንገቻ ተይዛ የምትንጠለጠልበት፣ ላዩ ላይ መንጠቆ ያለው ሚዛን ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ በሰው ፊት ተንጠለጠልኩ። ሚዛኑን ይዘው የመጡት አቶ አብዱልሰመድ የተባሉ አረጋዊ አላህን ፈርተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ቁጥሩን ሲያነቡም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ለፍየል ቢሆን ዋጋ የሚያወጣ ኪሎ እንደሆነ ነግረው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቀን መልካም ቃል የተናገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በዚህ አጋጣሚ እጅ ነስቻለሁ።

አምስተኛ። ይህ ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ረዘም ባደርገው ይታገሱኝ። ከሚዛኑ ወርጄ፣ ለፈተናው ብሎ ተሳቢውን ሰመራ ካቆመው ከደጀን ጋር እንደገና ገጠምኩ፤ ከኋላው ሄጄ አንገቱን ያዝኩት፤ ምንጣፉን መታ። ክቡርነትዎም ለሴት አዝኖ ነው የለቀቀላት ብለው አስመዘገቡ። ደጀን ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላዘንኩላትም፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው ብሎ በሚካኤል ማለ። መሐላው በማኅተም ያልተደገፈ ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። ከዚያም ትልቅ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራስዎ ሊያሳዩኝ ጫማዎን አውልቀው ወደ ምንጣፉ ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ቧልት ልናገር። ክብደት ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽም። ዘጠና ስምንት ኪሎዎን ደረቴ ላይ ሲያሳርፉት ለመጀመሪያው ደቂቃ ጣራው ጠፍቶኝ ነበር፤ የጎድን አጥንቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ትልቅ ሰው ትልቅ ነው፤ እኩል ከሚያውቁ ሁለት ሰዎች ትልቁ ያሸንፋል፤ ይህን የሚክድ ሰው ጁጁትሱ አያውቅም። እኔ ያልኩት፣ ቀበቶ ለሚያውቅ ሰው የሚታሰር ነው፣ ለሚከብድ ሰው ሚዛኑ ራሱ ይበቃዋል ነው።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። ክቡርነትዎ ከግንባርዎ ላብ ለመጥረግ ክንድዎን አንሥተው ነበር። በዚያች ቀዳዳ ሾልኬ ከኋላዎ ተገኘሁ፣ ክንዴም አገጭዎ ሥር ገባ። ቀኝ እጅዎ ምንጣፉን አራት ጊዜ መታ፤ እኔም ወዲያው ለቀቅሁዎ፣ ሸሚዝዎንም አስተካከልኩልዎ። ቤቱ ሙሉ ሰው አየ። በሳምንቱ ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ ግን እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «ክቡር ሰብሳቢው ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ በማድረግ ጥራቱን ፈትሸው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን አረጋግጠዋል። አመልካቿ ባለችበት ነጭ ቀበቶ ትቀጥል።» ወይ ጉድ! እኔ ስንት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ የብዕር ሰው አልገጠመኝም። ምንጣፉ ጥራት ያለው በመሆኑ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ስድስተኛ። ይህን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ደብዳቤው እስኪደርስዎ ድረስ የሚመሰገን ነገር እንደማያጡ እተማመናለሁ።

አሁን ስለ ኸሊዳ ልንገርዎ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርዎም። ኸሊዳ ከከሚሴ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የከፈተች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። በሱቁ ብቻዋን መቀመጥ ስለምትፈራ ወንድሟ ካልመጣ አትከፍትም ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ ገዢ በባንኮኒው ላይ እጇን ጨብጦ አልለቅም አላት። እሷም ክፍላችን ውስጥ መቶ ጊዜ ያደረግነውን አደረገች፤ እጇን በአውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዛ አወጣችና ሰውዬው ባዶ መዳፉን እያየ ቀረ። ከዚያ የጠየቀውን ስኳር መዝና ሸጠችለት። ማክሰኞ ዕለት መጥታ ይህን ስትነግረን፣ አልሐምዱሊላህ እያለች እየሳቀች ነበር፤ እኛ ግን አለቀስን። ኸሊዳ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ናት። በሠንጠረዥዎ መሠረት ምንም አልተማረችም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ እናደዳለሁ፤ ስናደድም በትሕትና ስለምናገር ሰዎች የቀለድኩ ይመስላቸዋል። አልቀለድኩም። ያ አዳራሽ ሲዘጋ አሥራ አንድ ሴት ወደ ቤቷ ትገባለች፣ ከዚያም ከጥቂት ወር በኋላ እጇን የሚይዛት ሰው ሲመጣ ምን ታደርግ እንደነበር ትረሳለች። ለዚህ ነው የምለምንዎ። ቀበቶውን ለእኔ መስጠት ከከበደዎ ለኸሊዳ ይስጧት፤ ለእሷም ከከበደዎ ከአሥራ አንዳችን ለፈለጓት ይስጡና ክፍሉን ይተዉልን። እኔ የቀረኝን ዕድሜ በነጭ ብታጠቅ ግድ የለኝም፤ ሳሙና አለኝ።

የኮሚቴዎ ማኅተም አይጥፋ፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ይጠገን፣ ወንበርዎም እንደ እርስዎ ክብደት ያለ ጽኑ ወንበር ይሁን እያልኩ፣ ከአክብሮት ጋር በግንባሬ ተደፍቼ እሰናበታለሁ፤ ተደፍቼ መነሣትን ማስተር ቢሰጥ በደንብ አስተምረውኛል።

የማይደርስ ሰውነት ያላት፣ የደረሰ ደብዳቤ የምትልክ፣
አገልጋይዎ ንጋትወርቅ
አዋሽ

ማስታወሻ፦ ቁልፉን በተመለከተ ትእዛዝዎን እንፈጽማለን። ነገር ግን በፖስታ መላክ ለክብርዎ ስለማይመጥን፣ አሥራ አንዳችንም ነጭ ልብሳችንን ለብሰን ሰኔ 30 ራሳችን ሰመራ ይዘነው እንመጣለን። ቁልፉን የምናስረክበው ምንጣፉ ላይ፣ ከመካከላችን አንዷን አምስት ደቂቃ ለገጠመ የኮሚቴ አባል ነው። ተራው ከእርስዎ እንዲጀምር ተስማምተናል። እርስዎን የምትገጥመውን ለመምረጥ ዕጣ ስንጥል ለእኔ ባለመውጣቱ በጣም ቅር ብሎኛል። የወጣው እዚህ ጤና ጣቢያ ተመድባ ለምትሠራ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ለተማረች፣ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ለምትመዝን ነርስ ነው። እስካሁን ለአባቷ ያልነገረችው፣ በኅዳሩ ፈተናም ተረኛ ነኝ ብላ የቀረችው፣ ቀበቶውን ስታገኝ ድንገት ልታስደስተው ብላ ነበር። ስሟን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ሎዛ ወልደ ኢየሱስ ትባላለች። በዚያን ቀን ቁርስዎን ቀለል አድርገው እንዲበሉ አደራ ብላለች።