በማዕበል መሀል ስለተተዉት መርከበኞች

ለተከበሩ የባህል አዳራሻችን ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ባለፈው ቅዳሜ ከደረሰበት ድካም ማገገሙን እስክንሰማ ድረስ እኔም ደንበኞቼም ሐሳብ ገብቶናል። እኔ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ታላቅ እህቴን ግን ሳያውቋት አይቀሩም፤ ማይክሮፎኑን ከእጇ የወሰዱባት ሴት ናት።

ማስታወቂያዎ "የጥንታዊ ግሪኮች የጀግንነት ግጥም፦ ወግ፣ ሙዚቃና ውይይት" ይል ነበር። እህቴ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ስትተይብ ኖራ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ግጥም አንዱን ክፍል የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ ወደ ቋንቋችን መልሳዋለች። ሃያ ደቂቃ እንድታነብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስለላኩላት እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አሥር ደቂቃ የተባለው የመክፈቻ ንግግርዎ አንድ ሰዓት ከሩብ መውሰዱ ስለ ግሪኮች ያለንን ዕውቀት እጅግ አስፍቶታል። የመጸዳጃ ቤቱ እድሳት ስንት ሴራሚክ እንደፈጀ አሁን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የጥንት ግሪኮች ዛሬ ቢኖሩ እድሳቱን ያደንቁ እንደነበር በማከልዎ፣ ከርዕሱ ወጥተዋል የሚሉ ምቀኞችን አፍ አስይዘውልናል።

፪. ሙዚቀኛው እርስዎ "በመጨረሻም" ባሉ ቁጥር ባለ አውታር መሣሪያውን ከጉልበቱ አንሥቶ ደረቱ ላይ ያስደግፍ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ "በመጨረሻም" ብለዋል። በአሥራ ሁለተኛው የምርዎን ሲሆን ሰውየው አላመነዎትምና ንቅንቅ ሳይል ቀረ፤ እርስዎም ሙዚቃው ዝግጁ ባለመሆኑ መሰረዙን በሐዘን ገለጹልን።

፫. ለውይይቱ የተጋበዘችው የታሪክ መምህር፣ የግጥሙ ጀግና ከጦርነት ወደ ቤቱ ለመመለስ አሥር ዓመት ለምን እንደፈጀበት ልታስረዳን አፏን ከፈት ስታደርግ፣ የሩብ ዓመት ዕቅድ ስላልነበረው ነው ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገሏት። ውይይቱም በዚሁ ተጠናቀቀ።

፬. እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወው። እህቴ ለዚያ ቀን ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ "በአጭሩ" ተብላ ወጣች። አሥራ ሁለት ስንኝ አነበበች። መርከበኞቹ ማዕበሉ መሀል ገብተው ምሰሶው ሲሰበር፣ እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ማይክሮፎኑን ተቀበሏትና ስለሰጠችን "አስተያየት" አመስግነው የተሳትፎ ወረቀት ሰጧት። እሷም ወረቀቶቿን አስተካክላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህን በትሕትና መጻፍ አልቻልኩበትም።

የሆነ ሆኖ ዘበኛው አዳራሹን ዘግቶ ሲያስወጣን ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም። ከሆስፒታል በቀጥታ የመጣች አንዲት ነርስ፣ መርከበኞቹ ተረፉ ወይስ አልተረፉም ሳይባል እንቅልፍ እንደማይወስዳት ተናገረች። እህቴም የውጭው ደረጃ ላይ ቆማ ይዛ የመጣችውን ሃያ ገጽ በሙሉ አነበበች። ሙዚቀኛው ሳይለመን መሣሪያውን አነሣ። ሰው ከመኪናዎ ፊት ጥቅጥቅ ብሎ ስለቆመ፣ እርስዎም ሳይወዱ በግድ እስከ ፍጻሜው አብረውን በመቆየትዎ ክብር ተሰምቶናል። ክላክሱን ሁለት ጊዜ ብቻ መንፋትዎንም ከልግስናዎ ቆጥረነዋል። ከአጠገብዎ ተቀምጠው የነበሩት ባለቤትዎ በሁለተኛው ክላክስ ከመኪናው ወርደው ደረጃው ላይ ከእኛ ጋር መቀመጣቸውን ግን ልብ ያሉት አይመስለኝም፤ በዚያን ጊዜ ስልክ እያወሩ ነበር።

ለሚቀጥለው ንግግርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአድማጮችዎ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ከፊት ለፊትዎ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣
የ"አስተያየት ሰጪዋ" ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ትናንት እህቴን ሊጠይቁ መጥተው እስኪመሽ ሲጨዋወቱ ዋሉ፤ ሰላምታቸውንም እንዳደርስልዎ አዘውኛል። ራሳቸው እንዳይነግሩዎት፣ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመናገር ተራ አልደረሳቸውም።