ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት

ይድረስ በድሬዳዋ ለሚኖረው ለወንድምዓለሜ ለሠርፀ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እንቅልፍ ይወስድህ ጀመር ወይ? እየሩስ ደኅና ናት? ትንሿ ማሂስ «አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው?» ማለቷን ተወች? እኔና እማዬ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን፤ ደኅና ነን ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

በስልክ «ወባ እንዴት በስድስት ቀን ሰው ይገድላል?» እያልክ ስትጠይቀኝ ዝም የምልህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደግሞም በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር። ከወንድማችን ከነብዩ ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ የተላከው ደም ውጤቱ ከአርባው በኋላ መጣ። ወባ አልነበረም፣ ወንድሜ። ደንጊ ነው።

ለመስቀል ብሎ ከአንተ ዘንድ መጥቶ ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ የመንገድ ድካም መሰለን። በማግስቱ ሰውነቱ እንደ እሳት ፈጀ፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ተሰባበረ። ወደምሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ወስጄ ደሙን ራሴ አየሁት፤ ወባ የለም። ግን እዚህ ወለጋ በመስከረም ትኩሳት ሌላ ስም የለውምና «ተደብቆ ይሆናል» አልኩ። ደንጊ ከሚታይበት ከድሬዳዋ እንደመጣ እያወቅሁ አላሰብኩትም። «ራሴን አመመኝ» ሲለኝም አስፕሪን በእጄ ሰጠሁት፤ ሁለት ቀን ሙሉ። ይህን ከሐኪሙ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። እማዬ እልል አለች። ሾርባ ጠጣ፤ ከጎረቤታችን ከአባ ዋጋሪ ጋር እየሳቀ ተጫወተ። «ሕብርዬ፣ ነገ ዲጋ ሄጄ ጓደኞቼን አያለሁ» አለኝ። በነጋታው ጥርሱን ሲፍቅ የድዱ ደም አልቆም አለ። ክንዱ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ሆዱንም ቆረጠው። ሆስፒታል አደረስነው። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ መሆን ሲገባው አሥራ አንድ ሺህ ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያው ተሳስቷል ብዬ ደገምኩ። ያው ነው። ነጩ የደም ሴልም ተመናምኗል።

ዶክተር ቀነዓ «ከዚህ በፊት እንዲህ ታሞ ያውቃል?» ሲለኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አንተና እሱ ድሬዳዋ ጎን ለጎን ተኝታችሁ አጥንታችሁን ሲሰብራችሁ እንደሰነበተ ትዝ አለኝ። ነገርኩት። ደንጊ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደሙ ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ አዘዘ። ደንጊ አራት ዓይነት ነው አለኝ። በአንዱ የታመመ ሰው ያን ዓይነት ዳግም አይፈራውም፤ ሌላው ሲመጣ ግን ሰውነቱ ያኔ ያበጀው መከላከያ ይሳሳታል። ዘበኛ ሌባውን ዘመድ መስሎት በር እንደሚከፍትለት፣ ቫይረሱን ይዞ ሴሎቹ ውስጥ ያስገባዋል። ቫይረሱ ደም ወደሚሠራበት የአጥንት መቅኔ ዘልቆ ሥራውን ያስፈታዋል፤ የተረፈውንም ፕላትሌት ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። የደም ሥርም ውኃ እንደሚያፈስ እንስራ ይሆናል።

ነቀምት ላይ ፕላትሌት አልተገኘም። ጓደኛው ያደታ ሰዎች ሰብስቦ መጥቶ ደም ሰጡልን። አምቡላንሱ ወደ አዲስ አበባ ሊወስደው በር ላይ ቆሞ ሳለ እጄን ያዘኝና «ትኩሳቱ እኮ ለቆኛል፤ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። አምቡላንሱ ባዶውን ተመለሰ።

ስለ አስፕሪኑ ዶክተሩን ጠየቅሁት። «ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ግን አንቺ ገደልሽው አልልም» አለኝ። አላጽናናኝም። ለእማዬ ልንገራት ወይስ ከእኔ ጋር ይቅር? ታላቄ ነህ፤ አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ ታውቃለህ። አንተም አንድ ጊዜ ታመሃል። ትንኟ ቀን ነው የምትናከሰው፤ የበርሜላችሁን ውኃ ክደኑት። ትኩሳት ከተሰማህ አስፕሪን እንዳትነካ፤ ያን ጊዜውኑ ሄደህ ደምህን አስቆጥር፤ ትኩሳቱ ሲለቅህም ዳንኩ ብለህ ከሐኪም እንዳትርቅ። ከአንተ ሌላ ወንድም የለኝም።

እየሩስን ሳምልኝ፤ ከመደገስና ከማስተዛዘን ያልቦዘነውን እጇን እግዚአብሔር ይባርክ። ማሂን ጉንጯን ሳምልኝ። አባ ዋጋሪ «ጀባዹ፣ በርታ በይው» ብለውሃል። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን እንደምጽፍ ትጠይቀኛለች፤ ሰላምታ ነው አልኳት። «የኔን አስቀድሚ» አለችኝ።

እህትህ ሕብረት
ነቀምት፣ ኅዳር ፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.